የዌስትላንድስ ደመና ቆጣሪዎች

ናይሮቢ ውስጥ ሐበሻን ከሐበሻ የሚያስማማ ርእስ ፍለጋ ብዙ አትድከሙ። ፖለቲካ አይሆንም፤ ኳስም አይሆንም፤ የሰርግ ወጪ እንኳ ያጣላል። የሚሆነው ዝናብ ብቻ ነው፤ እሱም እስኪዘንብ ድረስ። ከዘነበ በኋላ «እኔ ጠዋት ተናግሬ አልነበር?» የሚል ሰው ስለሚበዛ ነገሩ ተመልሶ ይበላሻል።

የእኛ ጉባኤ የሚቀመጠው ዌስትላንድስ፣ ከሳሪት ሴንተር ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ነው። የበረንዳው ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ይህም ለጉባኤው ክብር ጨምሮለታል። ፎቅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው መዝነቡን የሚያውቀው በመስኮት አይቶ ነው። እኛ ግን የመጀመሪያዋ ጠብታ ስታርፍ እንሰማታለን፣ ሁለተኛዋን እንጠብቃታለን፣ አሥረኛዋ ላይ መቁጠር እንተዋለን። ከዚያ ወዲያ ለመነጋገር መጮህ ግድ ነው። ስለዚህ ታላላቅ ክርክሮቻችን በሙሉ የተካሄዱት በጩኸት ነው፤ ማን ምን እንዳለ በትክክል የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም አሸንፌያለሁ ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

ሊቀ መንበራችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በከባድ መኪና የአዲስ አበባን፣ የሞያሌንና የናይሮቢን መንገድ ሲመላለሱ የሸበቱ ሰው ናቸው። በሌሉበት ግን ስማቸው «ጉልበቴ» ነው። የግራ ጉልበታቸው አንድ ጊዜ ማርሳቢት አጠገብ ጎማ ሲቀይሩ ተጎድቶ፣ ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሊመጣ ሲል ይጠዘጥዛቸዋል። ስለ ጉልበታቸው ሲያወሩ ስለ አንድ የታፈረ መሥሪያ ቤት የሚያወሩ ነው የሚመስለው። «ከትናንት ማታ ጀምሮ አስታውቋል» ይላሉ። «ዛሬስ ጋሼ?» ሲባሉ እግራቸውን ዘርጋ እጥፍ አድርገው «ገና ተጨማሪ መረጃ እየሰበሰበ ነው» ይላሉ።

ተቃዋሚያቸውን «ሳተላይት» እንለዋለን። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ልጅ ነው። ስልኩ ላይ ሦስት የአየር ትንበያ አፕ ጭኗል፤ ሦስቱ ግን አንድ ቀን ተስማምተው አያውቁም። እሱም በዚህ አያፍርም፤ «ቢስማሙማ አንዱ ይበቃኝ ነበር» ነው መልሱ። ሜቴዮሳት የተባለው የአየር ሳተላይት በየጥቂት ደቂቃው የሚያነሣውን የደመና ፎቶ ከፍቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሲያጋድመው፣ አፍሪካ በሙሉ ከሽሮው ሸክላ አጠገብ ትዘረጋለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ 60 ፐርሰንት ይዘንባል ይላል።»

«አርባውስ?»

«አርባው አይዘንብም ነው።»

«እንግዲያው ወንበሬን ወደ አርባው አዙርልኝ፤ ኮቴ አዲስ ነው።»

ተሳቀ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ሳስበው የጋሼ ጥያቄ ቀልድ ብቻ ሆኖ አልታየኝም። ስልካችን ላይ የምናያቸው ትንበያዎች ዓለምን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ቆራርጠው ነው የሚያሰሉት። በጥራቱ የሚመሰገነው የአውሮፓው ስሌት እንኳ አንዷ አራት ማዕዘን ጎኗ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሳሪት እስከ ካንገሚ ሰፈር ያለው መንገድ በአንዲት አራት ማዕዘን ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። በዚህ አገር ከሰዓት በኋላ ድንገት ተነሥቶ ዶፍ የሚያወርደው ደመና ደግሞ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሰፋ ይችላል፤ ካንገሚን አጥቦ ሳሪት ጋ አቧራ አይነካም። ስለዚህ «ስድሳው ለማን፣ አርባው ለማን?» ብሎ መጠየቅ የሚያስቅ አይደለም። እንዲያውም ስለ ናይሮቢ ዝናብ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ እትዬ፣ የሦስተኛው ስልት ተከታይ ናቸው። የሚያዩት ዕጣኑን ነው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ፀሐይ ነው፤ መሬት ለመሬት ከተሳበ ዝናብ ነው። ዘዴው አይከፋም፤ ችግሩ ትንበያው ከንግዱ ጋር መዛመዱ ነው። ከምሳ በፊት የሚመጣ ዝናብ ደንበኛ ያስቀራል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የሚመጣ ዝናብ ግን የተቀመጠውን ሰው ያግታል፣ የታገተ ሰው ደግሞ ሌላ ጀበና ያስጥዳል፣ ጥብስም ያዛል። ስለዚህ የእትዬ ጭስ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቀጥ ብሎ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

ጋሼን ናይሮቢ የምታዋርዳቸው በሐምሌ ነው። ጉልበታቸው አዲስ አበባ ነው የተማረው፤ እዚያ ሐምሌ ላይ ሰማይ ጠቆረ ማለት ዘነበ ማለት ነው። እዚህ ግን የሐምሌ ሰማይ ጠቁሮ ይነጋል፣ ጠቁሮ ይውላል፣ ጠቁሮ ይመሻል፤ ጠብ የሚል ነገር ግን የለም ማለት ይቻላል። ብርድ ብቻ። የናይሮቢ ሰው በወፍራም ጃኬት ተጀቡኖ ሥራ ይሄዳል፤ የጋሼ ጉልበት ወሩን ሙሉ ሲያስታውቅ ይከርማል፤ የሚመሰክርለት ጠብታ ያጣል። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ፣ አገር ቤት ሰማዩ ጠርቶ «በጥቅምት አንድ አጥንት» በሚባልበት ጊዜ፣ እዚህ ዝናቡ ሀ ብሎ ይጀምራል። «ይሄ ሰማይ ዋሾ ነው» አሉ ጋሼ አንዴ፣ በሐዘን።

ሳተላይት ምክንያቱን በሚጥሚጣ ዕቃና በስኒዎች አስረዳቸው። ናይሮቢ ከምድር ወገብ በስተደቡብ አንድ ዲግሪ ከምናምን ላይ ናት። የዝናቡ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ አንድ ጊዜ፣ ወደ ደቡብ ሲወርድ ሌላ ጊዜ በላይዋ ያልፋል። ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚሆነው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች ዋናውን ዝናቧን በአንድ ክረምት ትጨርሰዋለች። ጋሼ ስኒዎቹን አየት አደረጉና፣ «ሁለት ጊዜ የሚዘንብለት አገር ሁለት ጊዜ ያጭዳል እንጂ ሁለት ጊዜ መንገድ ይዘጋበታል?» አሉ።

እትዬ በዚህ ጊዜ ጣልቃ ገብተው የአባቶቻችንን ትንበያ አወደሱ። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚለው ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ካርድ አይበላም፣ ስንት ዘመን ሳይታደስ ያገለግላል። ልክ ናቸው። ነገር ግን ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤልን ዝናብ ጸበል ነው ብለን ልጆቻችንን ራቁታቸውን ደጅ እናስወጣለን። ክረምቱ ካለፈ ይህ ዝናብ ከየት መጣ? ይህን ስል እትዬ ቡናዬን ሳይሞሉ አለፉኝ፤ ስለዚህ ርእሱን ተውኩት።

ትልቁ ውዝግባችን ግን የወቅት ትንበያ የሚባለው ነው። መቀመጫውን ናይሮቢ አጠገብ ያደረገው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል፣ ኢክፓክ፣ የእኛንም አገር ጨምሮ ለመላው የአፍሪካ ቀንድ ወቅቱ ከመግባቱ በፊት ትንበያ ያወጣል። ቋንቋው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከመደበኛ በላይ ይህን ያህል በመቶ፣ መደበኛ ይህን ያህል፣ ከመደበኛ በታች ይህን ያህል። ለምሳሌ 45፣ 35 እና 20። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። «ቢዘንብ ብለናል፣ ባይዘንብ ብለናል፣ መካከለኛ ቢሆንም ብለናል። እኔ ጭነት አደርሳለሁ፣ ላላደርስም እችላለሁ፣ ግማሹን ላደርስ እችላለሁ ብል ማን ይከፍለኛል?»

እኔ በዚህ ከሳተላይት ጎን ነኝ። ምንም የማያውቅ ሰው ለሦስቱም እኩል፣ ሲሶ ሲሶ ይሰጣል። ከዚያ ተነሥቶ አንዱን ወገን 45 ማድረስ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያን ያህል ብልጫ በእጁ የያዘ የመርካቶ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ በአሥር ዓመት ፎቅ ይሠራ ነበር። የእኛ ችግር ትንበያን እንደ ቃል ኪዳን መስማታችን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ዳጎሬቲ ኮርነር ያለው የኬንያ ሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት ኤልኒኖ ስላለ የዓመቱ አጭር ዝናብ ከመደበኛ በላይ እንደሚሆን አስቀድሞ አስጠነቀቀ። ኦክቶበር ላይ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ ብቅ አሉና ባለሙያዎችን ጠቅሰው የተፈራው ኤልኒኖ እንደማይመጣ፣ ዝናቡ በርከት ቢልም ያን ያህል እንደማይከፋ ለሕዝብ አበሠሩ። በረንዳው ደስ አለው። ጋሼ ብቻ ጉልበታቸውን እያሻሹ «እሱ መግለጫውን አልሰማም» አሉ። ኖቬምበር ሲገባ ሰማዩም አልሰማም ነበር። በሰሜን ምሥራቅና በባሕር ዳርቻው ወንዞች ከአፋቸው ወጡ፤ ዓመቱ ሳያልቅ በኬንያ ብቻ ከ150 በላይ ሰው በጎርፉ ሞተ። ለፍትሕ ያህል፣ ከዚያ በፊት በ2015 እንደ 1997ቱ የኤልኒኖ ጎርፍ ያለ ጥፋት ይመጣል ተብሎ ተፈርቶ የተፈራውን ያህል ሳይሆን ቀርቶ ነበር፤ የናይሮቢ ሰው ሜትዮሮሎጂ ሲባል ፈገግ የሚለው ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

በዚያው ኖቬምበር አንድ ምሽት፣ ቆርቆሮው ሲንጫጫ፣ ከመካከላችን የሰቆጣው ልጅ ስልክ ተደወለለት። እናቱ ናቸው። «እንዴት ነው፣ ጠብ አለ?» እያለ ይጮኻል። አላለም። በዋግ ኽምራ፣ በጃናሞራ፣ በትግራይ ብዙ ቦታ የዚያ ዓመት ክረምት ከድቶ ነበር። እናቱ በስልኩ ውስጥ የሚንጫጫው ምን እንደሆነ ጠየቁት። «ዝናብ ነው እማዬ፤ ቆርቆሮ ላይ ነው።» ትንሽ ዝም አሉና «እስቲ ስልኩን ወደሱ አድርግልኝ» አሉት። ልጁ ተነሥቶ ስልኩን ወደ ጣሪያው ዘረጋ። ሳተላይት የራሱን ስልክ ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

የኬንያን ጎርፍም የአገር ቤትን ድርቅም ያመጣው አንድ ኤልኒኖ ነው። የፓስፊክ ውኃ ሲሞቅ ለእኛ ደጋ ክረምትን የሚያመጣው እርጥብ ነፋስ ይዳከማል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ የሕንድ ውቅያኖስ በአፍሪካ በኩል ያለው ዳርቻ ሲሞቅ የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ከልክ ያልፋል። በ2015ም የኢትዮጵያ ሰሜንና ምሥራቅ ደርቆ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር። በ2023 ግን አንዲት ኢትዮጵያ ራሷ ለሁለት ተከፈለች፤ ሰሜኑ ሲደርቅ ሶማሌ ክልልን ጎርፍ ወሰደው። ሐበሻ ናይሮቢ ተቀምጦ ስለ ዝናብ ሲያወራ ልቡ ለምን ሁለት ቦታ እንደሚሆን የኬንያ ወዳጆቻችን ሁልጊዜ አይገባቸውም።

ወደ ስድሳውና አርባው፣ ዝናቡ ለማን ነው ወደሚለው ጥያቄ ልመለስ።

የምግብ ቤቱ ጥበቃ የኬሪቾ ሰው ነው፤ የሚኖረው ካንገሚ ነው። ጋሼን «ምዜ» ይላቸዋል፤ ጋሼም በሾፌር ስዋሂሊያቸው ይመልሱለታል። ሰዓት ሲነጋገሩ ደስ ይላል፤ ስዋሂሊም እንደኛ ከጠዋት ነው የሚቆጥረው፣ «ሳ ኩሚ» ማለት 10 ሰዓት ነው። አንድ ቀን ጋሼ የደብረ ብርሃንን በረዶ እያጋነኑ ሲያወሩ ዝም ብሎ አዳመጣቸውና ኬሪቾ በአንድ ዓመት 132 ቀን በረዶ የተመዘገበባት አገር መሆኗን ነገራቸው። ሳተላይት ፈልጎ እውነት መሆኑን አረጋገጠ። ጋሼ ስለ ደብረ ብርሃን ከዚያ ወዲህ አላነሡም።

ይህ ሰው አፕ የለውም፤ ጉልበቱም ደኅና ነው። ሰማዩ ሲጠቁር ግን የሚያደርገውን አይቻለሁ። መጀመሪያ ቆዳ ጫማውን ያወልቃል። በአሮጌ ጋዜጣ አንድ በአንድ ይጠቀልለዋል፤ ፌስታል እንዳይጠቀም ኬንያ ከ2017 ጀምራ ከልክላለች፣ ቅጣቱም እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ነው። ከዚያ ቦቲውን ያጠልቃል። ቀጥሎ ወደ ሚስቱ ይደውላል፤ ንግግሩ አጭር ነው፦ ፍራሹን ጠረጴዛው ላይ፣ ዱቄቱን ፍራሹ ላይ፣ የልጆቹን ደብተር ዱቄቱ ላይ። ስልኩን ዘግቶ በሩ ላይ ይቆምና ለደንበኞች ጃንጥላ ይዘረጋል።

ዝናቡ ሲወርድ ዌስትላንድስ የሚያጣው ትዕግሥት ነው። መብራት ይጠፋል፣ ጄኔሬተር ይነሣል፣ መኪናው ክላክስ ለክላክስ ይሰዳደባል። ጃንጥላ ሻጮች ከየት እንደሚመጡ እግዜር ይወቅ፤ ከመጀመሪያው ነጎድጓድ ቀድመው ነው የሚደርሱት፣ ከሦስቱ አፖችም እነሱን አምናለሁ። ማታቱው፣ የናይሮቢው ሚኒባስ ታክሲ፣ ደግሞ 50 ሽልንግ የነበረውን መንገድ 100 ይለዋል። ረዳቱን ለምን ብትለው ጣቱን ወደ ሰማይ ይቀስራል። ጥበቃው 100 ሽልንግ ለመንገድ ስለማይከፍል በእግሩ ነው የሚሄደው፣ ዋያኪ ዌይን ይዞ። በ2022 የተከፈተው 27 ኪሎ ሜትሩ ኤክስፕረስዌይ እዚያው ዌስትላንድስ ነው የሚያልቀው፤ የከፈለ ከላይ ይበራል፣ ያልከፈለ ከታች ይረግጣል።

ዌስትላንድስ ጎርፍ አያውቃትም ማለቴ አይደለም። ዩኬይ ሴንተር የሚባል የገበያ ማዕከል ነበር፤ ከወንዝ ዳር ተሠርቶ ጎርፍ ይገባበት ነበር። በኦገስት 2018 የወንዝ መሬት ላይ ነው የተሠራው ተብሎ በግሬደር ፈረሰ። በዚያ ሰሞን ጉባኤያችን ሌላ ርእስ አልነበረውም። ነገር ግን ሱቅ ሲፈርስ ባለሱቁ ሌላ ሱቅ ይከራያል። በ2024ቱ ረጅም ዝናብ ጊዜ ማታሬ ሰፈር ውስጥ የወንዝ ዳር ጎጆዎች ሲፈርሱ ለአንድ ቤተሰብ የታሰበው እርዳታ 10 ሺህ ሽልንግ ነበር። በዚያ ወቅት በመላ ኬንያ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል፤ ኤፕሪል 29 ሊነጋጋ ሲል ማይ ማሂዩ ላይ የተዘጋ የውኃ መውረጃ ተደርምሶ ብቻውን ከ50 በላይ ሰው ወስዷል። ሜይ 10 ሟቾችን ለማሰብ ብሔራዊ በዓል ሆኖ አገሩ ሁሉ ዛፍ እንዲተክል ታወጀ። ዛፍ መትከል መልካም ነው፤ አንድም ክፉ ቃል የለኝም። ቱቦ ለመጥረግ ግን በዓል ሲታወጅ አልሰማሁም።

እዚህ ላይ ጋሼም ሳተላይትም ይሳሳታሉ ባይ ነኝ። የ2024ቱ ዝናብ ከመደበኛ በላይ ሊሆን እንደሚችል ወቅቱ ሳይገባ ተነግሮ ነበር። ትንበያው ሠርቷል። እኛ ግን በየበረንዳው ተቀምጠን ስንከራከር የከረምነው ትንበያው ይሠራል ወይስ አይሠራም ብለን ነው፤ ከጥበቃው በስተቀር አንድ ሰው እንኳ ፍራሽ ከወለል ሲያነሣ አላየሁም።

አንባቢ ሆይ፣ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ወደ ናይሮቢ የሚመጣ ዘመድ ካለህ እንዲህ ብለህ ንገረው። ጃንጥላ ተሸክሞ አይድከም፣ መንገድ ዳር ያገኛል። ማታቱ ላይ እግሩን ከማንሣቱ በፊት ዋጋ ይጠይቅ። ወንዝ ዳር ርካሽ ቤት አለ ቢሉት ለምን እንደረከሰ ጎረቤቱን ሳይጠይቅ ቀብድ አይክፈል።